በመዘውሩ ላይ የነበረው ጭረት

ፍልፈል የሚባሉት የእርሻ ማሽኖች ሜዳውን ከስር እያረሱ ሲያልፉ የሙዚየሙ ወለል ይንቀጠቀጣል። አሰላ ውስጥ ይህ አስደንቆት ቀና የሚል ሰው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የሙዚየሙ መካኒክ ሲፈን ገመቹም ቀና አላለችም። ፊቷ የተዘረገፈውን የትራክተር ሞተር እንደ ጎረቤት ቆሻሻ እያየችው ነበር።

ትራክተሩ የአባቷ ነው። ነገ የገመቹ አርባው ነው። ሽማግሌው ሲሞት የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በአርባው ቀን ትራክተሩ በመቃብሩ አጠገብ እየጮኸ እንዲያልፍ። ሙዚየሙ ደግሞ የማይነሳ ሞተር አያስቀምጥም። ዛሬ እስከ አስር ሰዓት ካልተነሳ ወደ ማቅለጫ ይሄድና የፍልፈሎች መለዋወጫ ይሆናል።

ከጣሪያው ላይ ሰላፊው ተንጠልጥሏል፤ ብረትን በብርሃን እየለካ እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው የሚገጥም ባለ ስድስት ክንድ ማሽን ነው። ጠዋት በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጠይቋት ነበር።

«ከካምሻፍቱ መዘውር ጥርሶች ባንዱ ላይ ጭረት አለ። ላጥፋው?»

አየችው። ጠማማ የመሮ ምት ነው። ገመቹ መካኒክነት ማንም አላስተማረውም፤ ዲፕሎማዋን ግድግዳ ላይ ለሰቀለችው ለሲፈን ደግሞ ይህ ምንም አያውቅም ማለት ነው።

«አጥፋው» አለች። «ያ ሰውዬ ሳያበላሽ የተወው ነገር የለም።»

ሰላፊው ጭረቱን አለሰለሰ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካምሻፍቱን መዘውር ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ከኮሎው መዘውር ጋር ፋብሪካው ምልክት ባደረገበት ነጥብ ላይ አገናኘ። ሞተሩን ቢያስነሱት ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ። ፈታው፣ ገጠመው። ደግሞ ፈታው።

«መዛነፍ፦ ዜሮ» ይላል በየጊዜው።

የአዳራሹ ኃላፊ ናሆም እጁን ኪሱ ከቶ በሩ ላይ ቆመ። «አባትሽ በዚህ እያረሰ ነው ያሳደገሽ? ከስታችሁ ነበራ።»

ሲፈን ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። ዓይኗ መዘውሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ላይ ወድቆ ነበር። ቁጥሩ የዚህ ሞተር አይደለም። ገመቹ መዘውሩን ከሌላ፣ ከተጣለ ትራክተር ነቅሎ ነው የገጠመው። ስለዚህ የፋብሪካው ነጥብ እዚህ ይዋሻል፤ እውነተኛውን ቦታ ያመለክት የነበረው ያ ጠማማ ጭረት ነበር።

«የትኛው ጥርስ ላይ ነበር?» አለችው ሰላፊውን።

«የተወገደ ቆሻሻ አልመዘግብም። እንደዚያ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።»

ያኔ አባቷ ትዝ አላት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት ጣቶቹን ቫልቮቹን በሚጫኑት ክንዶች ላይ አሳርፎ፣ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ ያዞራል። የአሥራ አምስት ዓመቷ ሲፈን ለጓደኞቿ «አባዬ ከብረት ጋር ሰላም ይባባላል» ትላለች፤ ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። «ጭሱ ሲወጣ አየሩ ሲገባ በሩ ላይ ይገናኛሉ» ይላል። «እዚያ ነው ቦታው።»

«ክንዶችህን ሰብስብ» አለችው ሰላፊውን።

አንደኛውን ፒስተን ወደ ላይ አደረሰች። ካምሻፍቱን ለብቻው እያዞረች፣ ከአንደኛው ጋር አብሮ በሚወጣው በአራተኛው ሲሊንደር ሁለት የቫልቭ ክንዶች ላይ ጣቶቿን አሳረፈች። አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ወረደ፤ እኩል የሆኑባት ቅጽበት ጣቷ ስር ስትመጣ መዘውሮቹን አገናኘች። ከነጥቡ አንድ ጥርስ አልፎ ነበር።

«መዛነፍ፦ አንድ ጥርስ። አገጣጠሙ ስህተት ነው።»

«ዝም በል።»

ለአስር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሞተሩ ተነሳ። ጩኸቱ መስኮቶቹን አርገፈገፈ። ናሆም ጆሮውን ይዞ «ይህ ጫጫታ ነው» አለና ሄደ።

ሲፈን ሞተሩን አጥፍታ መሮ አነሳች። ያገኘችው ጥርስ ላይ አሳርፋ መታችው፤ ምቱ እንደ አባቷ ጠመመ።

«ከካምሻፍቱ መዘውር ጥርሶች ባንዱ ላይ ጭረት አለ» አለ ሰላፊው በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ላጥፋው?»

«አትንካው።»

«ምክንያቱን መመዝገብ አለብኝ።»

«አባቴ ልክ ነበር ብለህ ጻፍ።»

«ይህ ልኬት አይደለም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ» ልትለው አፏን ከፈተች። ጠዋት «አጥፋው» ያለችው ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

«ልኬት ነው» አለች ጣቶቿን እያየች። «ጻፈው።»