የእንግዶቹ ወንፊት

እንግዶቹ የደረሱት የውብዳር የተሰነጠቀውን የአየር ማጣሪያ ወንፊት ለአራተኛ ጊዜ በሙጫ እየለጠፈች ሳለ ነው። ከሌላ ፀሐይ የመጣ ፍጡር በሰው ደጃፍ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር። እሷ ግን «አሁን ደግሞ እንግዳ!» ብላ ሙጫውን ከደነች።

ጣቢያው ከሳተርን ጨረቃዎች በአንዷ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ አየር አዳሽ ይኖራሉ፤ የተነፈሱትን አጥርቶ የሚመልስላቸው ማሽን ነው። ያለ ወንፊቱ ማሽኑ ከንቱ ነው። የቀራቸው አየር የሁለት ቀን ሲሆን፣ መለዋወጫ የጫነችው መርከብ የምትደርሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ለመርከቧ ሰዎች «አትቸኩሉ» ብለው መልእክት የላኩት የጣቢያው አለቃ ጋሽ ላቀው ናቸው።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ እንደ ሸምበቆ ቀጭንና ረጅም። የጣቢያውን ሬዲዮ አንድ ዓመት ሲያዳምጡ ስለከረሙ አማርኛ ያውቃሉ። ጋሽ ላቀው ካፖርታቸውን ቆልፈው በር ላይ ተቀበሏቸው።

የፊተኛው እንግዳ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ አዲስ ወንፊት ነበር።

«መሰበሩን ሰማን። ሠርተን አመጣን። ውሰዱ።»

የውብዳር እጇን ልትሰድ ስትል ጋሽ ላቀው ቀደሟት።

«ኧረ በፍጹም! ገና ከመንገድ ገብታችሁ! አናስቸግራችሁም፤ እኛ እንደ ምንም እንሆናለን።»

«እሺ» አለ እንግዳው። ወንፊቱን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

«ጋሽ ላቀው!» አለች የውብዳር ጥርሷን ነክሳ። «ምን ማድረግዎ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ። ደግሞ ይለናል።»

«ካላለንስ?»

«ባለጌ ካልሆነ ይላል።»

አላለም። ተቀመጡ። ጋሽ ላቀው ውሃ ቀዱ።

«አንጠጣም» አለ እንግዳው።

«በሞቴ!»

«አንጠጣም።»

«በሞቴ፣ አንዲት ጉንጭ!»

በሦስተኛው ግብዣ እንግዳው ግራ ገብቶት ጨለጠው። የጋሽ ላቀው ፊት በራ። ስለ መንገዱ ጠየቁ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቁ፣ ስለ አገሩ ዝናብ ጠየቁ። ስለ ወንፊቱ ግን ትንፍሽ አላሉም። የግድግዳው አየር መለኪያ በጮኸ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

እንግዶቹ ሊሄዱ ተነሡ።

የውብዳር ሮጣ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«እንፈልገዋለን» አለች። «ከሌለ ከነገ ወዲያ እንሞታለን። እባካችሁ ስጡን።»

ጋሽ ላቀው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

እንግዳው ወንፊቱን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«እንዲህ ማለት ይቻል ነበር?» አለ። «ከበላያችሁ አርባ ቀን ቆመናል። አየር አጥሯችሁ ስትስሉ እንሰማ ነበር። ከምድር ሲጠይቋችሁ ግን ‹ደህና ነን፤ ምንም አልጎደለብን› ትላላችሁ። የትኛውን እንመን?»

እንግዶቹ ከሌላ ፀሐይ እስከዚህ ድረስ ያለውን መንገድ ችለው መጥተው፣ ያቃታቸው ከደጃፉ እስከ እጇ ያለው አንድ ርምጃ ነበር።

ወንፊቱ ገባ። መለኪያው ዝም አለ። እንግዳው እንደገና ከረጢቱን ከፈተ።

«ሁለተኛም አለን፤ ይህኛው ቢሰበርባችሁ። ውሰዱ።»

«ኧረ ይበቃናል!» አለች የውብዳር። «ይህን ያህል ደክማችሁ...»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሽ ላቀው ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እንግዳው እጁን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ገታው። የጠጣው ውሃ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ፊቷን ትክ ብሎ አየና እጁን እንደገና ዘረጋ።

«በሞቴ» አለ።