ከድንጋዩ ሥር የመጣው ምት

በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቴ ስለ ጋኔን ስታወራ ሳቄ የሚያመልጠኝ፣ እናቴም በድርቅናዬ ተስፋ የቆረጠች መሐንዲስ ነኝ፣ ይህን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጎግ ወረዳ ውስጥ ድልድይ እየሠራን ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ከማዶ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያ መድረስ አይችሉም፣ ስለዚህ ከዝናቡ በፊት የመሐሉን ምሰሶ ማቆም ነበረብን። መሬቱ ግን ጉድ ነው! በአንድ ጉድጓድ ውስጥ በስተቀኝ ብረት የሚያጥፍ ጥቁር ድንጋይ፣ በስተግራ በእጅ የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ። የምንፈራው ጭቃ ላይ የተቀመጠን ድንጋይ አለት ነው ብለን ኮንክሪት እንዳንሞላበት ነው፣ ድልድዩ ሰው እንደጫነ ያዘነብላል። ስለዚህ በመዶሻ እየመታን እናዳምጣለን፣ አለት ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ካልሆነ ድምፁ ይታፈናል።

ያን ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሠራተኞቹ ገላቸውን ሊታጠቡ ወደ ወንዙ ወረዱ፣ እኔ በመሰላል ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ጥቁሩን ድንጋይ መታሁት። ጥርት ብሎ ጮኸ። "ነገ እንሞላለን!" ብዬ መዶሻውን አስቀመጥኩ። ያኔ ከሥር ኳ፣ ኳ አለ።

"ኢንጂነር፣ አንቺ ነሽ?" አለኝ ከላይ ኦጁሉ፣ የጎግ ልጅ የሆነው ፎርማናችን።

"አይደለሁም። ጄኔሬተሩን አጥፋው።"

አጠፋው። አንዴ መታሁ፣ አንዴ መለሰ። የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ልስቅ ስል፣ እመኑኝ፣ እጄን ሳላነሳ ምቱ ቀጠለ፣ በእግሬ ሥር ቀስ እያለ ወደ በሰበሰው ድንጋይ ሄደና ቆመ። መሰላሉን ይዤ ወጣሁ።

"ማሚቶ ቀድሞ አይናገርም፣" አለ ኦጁሉ። "እኔ ነገ አልሞላም።"

"እኔም አልሞላም። ሥሩ ምን እንዳለ እስክናይ እንበሳዋለን።"

ጠዋት አለቃዬ በስልክ "ዝናብ ደርሷል፣ ምን ሆነሻል?" ብሎ ጮኸብኝ፣ እውነቱን ብነግረው ያባርረኝ ነበር፣ "መሠረቱን አላመንኩትም" ብዬ ድርቅ አልኩ። ስንበሳው መሰርሰሪያው በድንገት ቁልቁል ሰመጠ። ቤት የሚያክል ድንጋይ፣ ሥሩ ግን ጭቃ! ሰባብረን አወጣነው፣ ከሥሩ ምንም አላገኘንም፣ እውነተኛው አለት ላይ እስክንደርስም ቆፈርን። እሱን ስመታው የመለሰልኝ የለም። ሞላነው፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ምሰሶውን ጨረስን።

ድልድዩ ካለቀ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ጎርፍ ምጥ የያዛት ሴት በሞተር ሳይክል በላዩ ስትሻገር አይቼ በደስታ አልቅሻለሁ። ኦጁሉ "ጌታ ነው ያስጠነቀቀን" ይላል፣ እኔም እንደሱ ባምን በወደድኩ። ግን ያ ምት የሚያስጠነቅቅ ሰው አይመስልም ነበር፣ በር ተዘግቶበት ክፈቱልኝ የሚል ሰው ነበር የሚመስለው። ወደ በሰበሰው ድንጋይ የሄደው መውጫ ፍለጋ ቢሆንስ? እኛ በዚያም በኩል ኮንክሪት ሞልተናል።