ደላላው የያዘው መልእክት

ልጅቷ ትዕዛዙን ጽፋ ቁልፉን ከመጫኗ፣ ገና ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ፣ ላፕቶፑ ላይ በተከፈተው ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ።

«ቤት/ኢንጂነሩ፦ ዝናብ ይዞኛል፣ ትንሽ አመሻለሁ። በሩን እንዳትቆልፉብኝ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛ ስታነበው ፊደሎቹ ተደበላለቁባት፤ እንባዋ መጥቶ ነበር። ኢንጂነሩ ማለት ወንድሟ ነው። ዲግሪ የለውም፤ ስልክና ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ግን በስምንት ዓመቱ የጎረቤት የበር ደወል ፈታትቶ ሲገጥም ሁለት ብሎን ስለተረፈው ሰፈሩ ማዕረጉን ያለ ምርቃት ሰጠው። ከቤት ከወጣ ስምንት ወር ሆኖታል። በስምንት ወር ውስጥ ከእሱ አንድ ቃል አልሰሙም።

«እማ! እማዬ፣ ነይ! ላከ!»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናው ሲሮጥ አጠገቧ መብረቅ ቢወድቅ አትሰማም፤ ይህን ጩኸት ግን ሰማች። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆንሽ? ማነው የላከው?»

«ኢንጂነሩ! ይኸው፣ አንብቢው።»

እናቷ ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰማይ ላይ ለመድኃኒት እንኳ ደመና የለም።

«የት ነው አሁን ዝናብ ያለው?» አለች።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ነው። መምህሯ በዚያ ሳምንት ማውዙን አስቀምጠው በትዕዛዝ ብቻ እንዲሠሩ አዘዘቻቸው። «ትንንሽ ዕቃዎች አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡት እንዲህ ነው» አለች። «ላኪው መልእክቱን ርዕስ ሰጥቶ መሃል ላለው ደላላ ያስረክበዋል። እናንተ ለዚያ ርዕስ ትመዘገባላችሁ፤ ደላላው ያደርስላችኋል። እንደምታውቋቸው ደላሎች አይደለም፤ ኮሚሽን አይበላም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ደላላ እነሱ ቤት ከፍሪጁ ጀርባ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ እንደተቀመጠ ድንገት ገባት።

የክብሪት ቀፎ የምታህለውን ያቺን ኮምፒውተር እዚያ ያኖራት ወንድሟ ነበር። እናታቸው ከስፌት መኪናው ጩኸት የተነሳ ስልክ ስለማይሰማት፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ስክሪን ያላት ሳጥን ሰቀለላት። እሱ ከሚሠራበት ሱቅ ሲልክ ሳጥኗ ትጮሃለች፣ ጽሑፉም ይነበባል። «ምሳ ምንድነው?» «ቁንጫ ከትምህርት ቤት ገባች?» ቁንጫ የሚላት እህቱን ነው፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታም አትቀመጥም። አሁን ሳጥኗ ግድግዳው ላይ የለችም። እናቷ ልጄ ይዟት ሄዷል ትላለች፤ ልጅቷም አይደለም ብላ አታውቅም። ከፍሪጁ ጀርባ ያለችውን ግን ማንም እንዳይነካት እናቷ ከልክላለች። እናም ዛሬ ልጅቷ የወንድሟን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍታ፣ ለሁሉም ርዕስ የሚያስመዘግበውን ምልክት ጽፋ ደላላውን ጠየቀችው። የመጣላት ይህ ነው።

አባቷ ከዳቦ ቤት ሲገባ እናቷ በር ላይ ጠበቀችው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት ስለሚነሳ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ቆልፎ ይተኛል። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፦ የሚያመሽ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ወንድሟ የሄደውም በዚሁ ሕግ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን አመሸ፤ ሲያንኳኳ አባቷ ከውስጥ ሆኖ «ሳይናገር የሚያመሽ ልጅ የለኝም፤ ያመሸህበት እደር» አለው። እናቷ ለመነች፣ አለቀሰች፤ አባቷ ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ። በማግስቱ ወንድሟ አባታቸው በሌለበት መጥቶ ልብሱን በሻንጣ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ስልኩም አይሠራም።

አባቷ መልእክቱን ሰማ። ክንዱ ላይ የደረቀውን ሊጥ እየፋቀ ብዙ ቆየ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ግን ቁልፉን አላነሳም፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው።

በሚቀጥሉት ቀናት ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። እናቷ ለልጇ ሸሚዝ ቆረጠች። ልኩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ «ከስቶ ይሆናል» ብላ ከወገቡ ሁለት ጣት ቀነሰች። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ «እናንተ በመጣችሁበት ዝናብ አለ?» ትለዋለች። ልጅቷ ማክሰኞ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ያው መልእክት መጣ። ረቡዕም ያው። ሐሙስም አንዲት ነጥብ ሳትጨምር ሳትቀንስ ያችው መጣች።

«ሁልጊዜ የሚዘንብበት አገር ነው የገባው ማለት ነው» አለች እናቷ ደስ ብሏት። «ጉንፋን ቶሎ ነው የሚይዘው፣ ውስጡን ገበር ላድርግበት።»

ልጅቷ ግን መጠራጠር ጀምራ ነበር። አርብ ከክበቡ በኋላ መምህሯን ጠበቀቻት። ጓደኛዋም አብራት ቀረች፤ ይቺ ጓደኛዋ ምስጢር አፏ ውስጥ ስለማያድር ጋዜጣ ይሏታል።

«ቲቸር፣ አንድ መልእክት በከፈትኩ ቁጥር ይመጣል። ሰውየው በየቀኑ እየላከው ነው?»

«ወዲያው እንደተመዘገብሽ ነው የሚመጣው?»

«አዎ፣ ወዲያው።»

«እንግዲያው የተያዘ መልእክት ነው» አለች መምህሯ ቦርሳዋን እየዘጋች። «ላኪው ያዝልኝ ብሎ ከላከ፣ ደላላው የመጨረሻዋን ይይዛታል። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው እንዳያመልጠው ነው። አሥር ጊዜ ብትመዘገቢ አሥር ጊዜ ይሰጥሻል። አዲስ ብቻ አሳየኝ ብለሽ ማዘዝም ትችያለሽ፤ ቆይ ልጻፍልሽ።»

«መቼ እንደተላከ ግን ይናገራል?»

«አይናገርም። ትናንት ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆነው ይችላል። ምነው? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች። አልነበረችም።

ቤት ስትገባ መምህሯ በጻፈችላት ትዕዛዝ ሞከረችው። ጥቁሩ መስኮት ባዶ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፣ አንድ ሰዓት ጠበቀች። ምንም የለም። አዲስ የላከ ሰው የለም።

ዝናቡ የየትኛው ቀን ዝናብ እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። በሩ የተቆለፈበት የዚያ ቀን ነው። በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበራት፤ ወንድሟ ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ቀልድ ሲልክ ዋለ፣ ሳጥኗም ስትጮህ ዋለች። አመሻሹ ላይ ልጅቷ በንዴት ተነስታ ሳጥኗን ከግድግዳው ነቀለቻትና መሳቢያዋ ውስጥ ከደብተሮቹ ሥር ወሸቀቻት። ፈተናው እስኪያልፍ ነበር ሐሳቧ። የወንድሟ ስልክ በዚያ ሳምንት ስክሪኑ ተሰብሮ ስለነበር፣ የሚናገርበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በማግስቱ ሻንጣውን ሲያስር «ቁንጫ፣ የላክሁትን አላየሽውም?» ብሏት ነበር። «ምኑን?» አለችው። ትንሽ አያት። «ተይው በቃ» አለና ግንባሯን ሳማት። ያን ጊዜ ሮጣ ሳጥኗን ብታወጣ፣ ብትሰካት፣ መልእክቱ ሊነበብ ይችል ነበር። ፈራች። በኋላ እናቷ ሳጥኗን ስትፈልግም ፈራች። ከዚያ ቀን አለፈ፣ ወር አለፈ፤ የዘገየ ነገር ደግሞ በየቀኑ ለመናገር ይከብዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ለጋዜጣ ሁሉንም ነገረቻት። ካልነገረች የምትፈነዳ መስሏት ነበር። ጋዜጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ አዳመጠች።

«ስሚ» አለች በመጨረሻ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንቺ ብትናገሪ ወንድምሽ ይመጣል? አይመጣም። እናትሽ ግን ትሞታለች፣ አባትሽም ያብዳል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንቺም በእሱ ርዕስ መላክ ትችያለሽ አይደል? አንድ ላኪያ። ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አታስቡ በይ። ያኛው ይጠፋል፣ ይሄኛው ይያዛል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ባክሽ ፋራ አትሁኚ። እናትሽ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር? ስምንት ወር ስታለቅስ ከርማ አሁን ሳቀች። ያንን ነው የምትነጥቂያት?»

ይህኛው አንጀቷ ገባ። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ከፍታ የመላኪያውን ትዕዛዝ ጻፈች። የወንድሟን ርዕስ፣ «ቤት/ኢንጂነሩ» ብላ ጻፈች። «ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስጨርስ እመጣለሁ።» እሱ እንደሚጽፈው ሆነላት፤ ከወንድሟ ጋር አብራ ያደገች ናት፣ ምን እንደሚል ታውቃለች። አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቷታል።

ሳሎን ውስጥ እናቷ ሸሚዙን አባቷ ጀርባ ላይ ዘርግታ ትለካ ነበር።

«ቀጥ በል እስቲ። የእሱ ትከሻ ካንተ ይሰፋል፣ ግን ለእጅጌው ይረዳኛል።»

«ይመጣል ብለሽ ነው?» አለ አባቷ።

«በሩን እንዳትቆልፉ አለ እኮ! ሊመጣ ነው እንጂ።»

«አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ አልቆልፍበትም ነበር» አለ አባቷ። « አንድ ቃል። ተኝቼ አልነበረም፣ ታውቂያለሽ? ስሙን ልጠራ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳይናገር አምሽቶ፣ ንቆኝ እንጂ ሌላ ምን ብዬ ላስብ?»

ልጅቷ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ወንድሟ ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ቤት አባቱን የናቀ ልጅ ሆኖ ኖሯል። እሷ ይህን ከላከች ደግሞ፣ ደህና ሆኖ፣ መላክ እየቻለ፣ እናቱን የረሳ ልጅም ሊሆን ነው። የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው። መሳቢያዋን ከፍታ ከደብተሮቹ ሥር ሳጥኗን አወጣች፤ ይዛትም ሳሎን ገባች።

«አባባ፣ ተናግሮ ነበር» አለች።

ሁለቱም ዞሩ። እናቷ ሳጥኗን አየች፤ ከዚያ ልጇን አየች።

«ያን ቀን ነው የላከው። መልእክቱ አዲስ አይደለም። ደላላው... ማሽኑ ይዞት ነው በየቀኑ የሚሰጠን። ሳጥኗን ያን ቀን እኔ ነበርኩ የነቀልኳት። እየጮኸች አላስጠና ብላኝ። ከዚያ ፈርቼ ደበቅኋት።»

እናቷ ሸሚዙን ከአባቷ ጀርባ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው።

«ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?»

«አላውቅም እማዬ።»

«ዝናቡስ?»

«ያን ቀን የዘነበው ነው።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የሆነ ሒሳብ እንደሚያስረዷት ሰው ደጋግማ ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለ ነበር። ሸሚዙን አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ሁለተኛ አጠፈችው፣ ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅዋ ተሰማ፤ ልቅሶ መሆኑን ለማወቅ ጆሮ መጣል አያስፈልግም ነበር።

አባቷ ሳጥኗን ከእጇ ወሰደ። የተቃጠለ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳለፈ፣ አቧራዋን ጠረገላት።

«ምን ነበር ያለው? እንደገና በይልኝ» አላት።

ነገረችው። ቃል በቃል፣ አንዱንም ሳትዘል።

አባቷ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ አሁንም ፊቱን አላሳያትም፣ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ዓይኗን ወዴት እንደምታደርግ ጠፋት። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ አለች በልቧ፤ እዚያው መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

«ሂጂ» አላት ቀና ሳይል። «ሂጂ ጓደኞችሽ ጋ። ትንሽ ብቻዬን ልሁን።»

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ የጋዜጣም ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። በሩ ክፍት ነበር። መሄድ ትችላለች፤ ሂጂ ተብላለች።

ወንበር ሳበችና ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።