በሁዳዴ የተከፈተ ልኳንዳ

አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ይህን የልቅሶ ድንኳን ነፋስ ይውሰደው! የምነግራችሁ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው። ዛሬ የቀበርነው ታረቀኝ፣ የጉለሌው ልኳንዳ ነጋዴ፣ በኢትዮጵያ ምድር ማንም ወዶ የማያውቀውን ያህል የወደደ ሰው ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ታረቀኝ ወጣት ነው፤ ከዊንጌት ወደ ቁስቋም ሲወጡ፣ በሩ ላይ መስቀል የተሳለበት ልኳንዳ አለው። የሚሰቅለው በሬ ሽንጡ ከጣሪያ ወርዶ ወለሉን ይጠርጋል፤ ሰልፈኛው ዊንጌት ይደርሳል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጨረቃ የተሳለበት የሸፊ ልኳንዳ አለ። ክርስቲያኑ ከዚህ፣ ሙስሊሙ ከዚያ ይገዛል፤ ማንም ተሳስቶ አይሻገርም።

አንድ ማክሰኞ ሙኒያ የምትባል ልጅ መጣች። ሥጋ ልትገዛ አይደለም። የኑሮ ውድነትን የሚያጠና መሥሪያ ቤት ልኳት የሥጋ ዋጋ ትከታተላለች። ቀና ብላ ስታየው ታረቀኝ ያነሳው ቢላዋ አየር ላይ ቀረ፤ እስከ ማታም አልወረደም!

«ኪሎው ስንት ነው፣ ወንድሜ?»

«የተለጠፈውን ነው ወይስ የምሸጥበትን?»

«የምትሸጥበትን።»

ከመንግሥት ተመን በላይ መሸጥ ሱቅ ያሳሽጋል፣ ሰውም ያሳስራል። ያንን ለመንግሥት ሠራተኛ መናገር አንገትን ለስለት መስጠት ነበር። ታረቀኝ ግን ነገራት፤ ያውም ቀበሌ ድረስ በሚሰማ ድምፅ!

«ቀስ እንጂ! አበድክ እንዴ?»

«አንቺ ካሳሰርሽኝ ስንቅ ታመላልሺልኛለሻ።»

«ስንቁ ሥጋ አይኖረውም። ያንተን እርድ እኔ አልበላ።»

እንዲህም ሆኖ፣ የማትበላውን ሥጋ ዋጋ ልትጠይቅ በየሳምንቱ መጣች። ዋጋው ካልተለወጠ ቶሎ ትሄዳለች፤ ከጨመረ ግን ምክንያቱን ልትጠይቅ ትቆያለች። ሥጋ በተወደደ ቁጥር አገር ሲያለቅስ፣ ታረቀኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ፊቱ ይበራል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«ከብት አልገባም።»

«ባለፈው ገብቷል ብለኸኝ አልነበር?»

«ገብቶ ነበር፤ አንቺን ሲጠብቅ ከሳ።»

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ግን ሙኒያ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«አንተ ስትዘጋ የማንን ዋጋ ልጽፍ ነው? አለቃዬ ሌላ ሰፈር የማይዘጋ ልኳንዳ ያዢ ብሎኛል። ከተቀየርኩ ወደዚህ መምጫ ሰበብ የለኝም።»

«ብከፍትስ?»

«በሁዳዴ? ሰፈሩ ይወግርሃል!»

«ብከፍት ትመጫለሽ?»

ሻሿን አስተካክላ ቁልቁል ወረደች።

ከፈተ! በጾሙ መሀል፣ ባዶ መንጠቆ ሥር፣ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ቆመ። የቁስቋም ምዕመን እንዳለ ወጥቶ አማተበ። የነፍስ አባቱ «ልጄ፣ ምን ነካህ?» እያሉ አለቀሱ። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። እሷም ያን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቃ ገባች!

«ኪሎው ስንት ነው?» አለች።

«ሥጋ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ።»

መዝገቧን ዘጋች።

«አባቴም አይፈቅድ፣ እናትህም። ግን ከፍቼላት ቀረች እንዳትል መጣሁ።»

እጁን ስማ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። እሱም እስኪሞት ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም።

እዚህ ላይ ስደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ባለጨረቃው ሸፊ፣ አሁን ሸምግሎ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ታረቀኝ እኮ አንድም ቀን አናግሯት አያውቅም። ስትመጣ አንደበቱ ይታሰር ነበር፤ ጣቱን ወደተለጠፈው ተመን ይቀስርና ቢላዋውን መሳል ይጀምራል። እውነተኛውን ዋጋ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ከፍቶ መቆሙ እውነት ነው። ሰው ግን አልተሰበሰበም፤ እሷም አልገባችም። የኔ በር ላይ ቆማ ነው ስታየው የነበረው።»

ኮፍያውን አስተካክሎ ቀጠለ።

«‹ተሻገሪ እንጂ› ብላት፣ ‹ከተሻገርኩ አልመለስም› አለችኝ።»