አዋሽ የተባለችው የጦር መርከብ

ኢብራር የሞተው ተኝቶ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቧል፣ ፊቱ ቀላ ብሏል፤ ያየው ሰው «ቀስቅሱት እንጂ» ቢል አይፈረድበትም። ከፍራሹ አጠገብ እናቱ ማታ ያስገቡለት የከሰል ማንደጃ አመዱን ታቅፎ ቁጭ ብሏል።

የኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰው ለመፍረድ ዳኛ አይጠብቅም። ኢንስፔክተር ፀዳለ ከመኪናው እግሯን ሳታወርድ «ከሰል ነው! እናቱ ያስገባችለት ከሰል ነው የጨረሰው!» የሚል ሕዝብ ተቀበላት። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ደግሞ ቸኩለዋል።

«ልጄ፣ ጀናዛ አይቆይም። የአላህ ውሳኔ ነው። ፈርሚልንና እንቅበረው።»

«ሐኪም አይቶት ዛሬውኑ ትቀብሩታላችሁ፣ አባቴ። ይህን ክፍል ግን እኔ ሳልፈቅድ ማንም አይገባበትም።»

ክፍሏ ጓሮ ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። አንድ በር አላት፤ ጣሪያው ስር ደግሞ አንዲት መስኮት። መስኮቷ መስታወት የላትም፤ ከውጭ የተንጠለጠለ ወፍራም ላስቲክ ብቻ ነው። ደህና ቀን ጠቅልለው ወደ ላይ ያስሩታል፤ ዝናብ ሲበረታ ያወርዱትና ግራና ቀኝ ካሉት ሚስማሮች ጋር ይቋጥሩታል። ፀዳለ በጓሮው ጭቃ ዞራ አየችው። ላስቲኩ ወርዷል፤ በሁለቱም በኩል ከውጭ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። ፀዳለ በጣቢያው ከወንዶቹ እኩል የምትቆም ረጅም ሴት ናት፤ ሚስማሩን ለመንካት ግን እሷም በእግሯ ጣት መቆም ነበረባት።

ወደ ውስጥ ተመለሰች። የሟቹ ስልክ ትራሱ ስር ነበር፤ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ሰፈሩም ማታ የሄደበት መብራት ገና አልመጣለትም፤ ስለዚህ ጠረጴዛውን ያየችው በባትሪ ብርሃን ነው። የሻማ ጉራጅ አለ። አንድ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ በእርሳስ የተሳለ የጦር መርከብ። መድፎች፣ ሁለት ጭስ ማውጫዎች፣ ከጭስ ማውጫዎቹ ፊት አንድ ረጅም ምሰሶ። ከኋላቸው ደግሞ ሌላ ምሰሶ ተስሎ የጠፋበት ምልክት ይታያል፤ የላጲሱ ፍርፋሪ እንኳ አልተጠረገም። ግርጌው ላይ «አዋሽ» ይላል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ስም ለጦር መርከብ! እንዲህ ያለ ነገር ከኮልፌ ሌላ የት ይገኛል?

የኢብራር እናት ወይዘሮ ሃጂራ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። እንባ የለም። ፀዳለ አጠገባቸው ስትቀመጥ እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ? ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ከሰሉን እንዴት አድርገው ነው ያስገቡለት?»

«ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ወጥቶለት፣ ፍም ሲሆን። እሱ ራሱ ነው እንዲህ ያስለመደኝ። መስኮቱ ካልተከፈተ ከሰል የሚባል ነገር አያስገባኝም። ማታ መብራት የለም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አስቀምጬለት ወጣሁ።»

«ሲወጡ መስኮቱ ክፍት ነበር?»



«ክፍት ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሙ ኑሕ ግን ‹እማዬ፣ ዝናቡ ሲጠና ላስቲኩን ያሰርሽው አንቺ ነሽ፣ ረስተሽው ነው› ይለኛል። እኔ አላስታውስም ልጄ። ይህን ከረሳሁ ምኑን አስታውሳለሁ?»

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«እንጃ። እኔ ሰግጄ ተኛሁ፤ ቆርቆሮው ሲጮህ ምን ይሰማል? ብቻ ከሰሉን ሳቀጣጥል ስልክ ላይ ሲጨቃጨቅ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሥዕሉን ከሚያሳየው ከጡረተኛው ባሕረኛ ጋር።»

«እውነቱን አገኝልዎታለሁ። ቃሌ ነው፤» አለቻቸው ፀዳለ። ፖሊስ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም፤ እሷ ግን ገባች።

ኢብራርን ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። በማግስቱ ፀዳለ ሳያትን አየር ጤና ሰፈር፣ ኮምፒውተር በምታስተምርበት ክፍል አገኘቻት። ሳያት ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ፈጣን ነው፤ የእነ ኢብራርን የጨዋታ ቡድን የምትመራው እሷ ናት።

«እስቲ እንደማያውቅ ሰው ንገሪኝ። ምንድነው የምትጫወቱት?»

«የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት አገራችን የራሷ የባሕር ኃይል ቢኖራት ኖሮ ብለን ነው። ለሁላችንም እኩል ክብደት ይሰጠናል፤ በዚያ ክብደት መርከብ እንነድፋለን። መድፍ ከጨመሩ ብረት ልብሱ ይሳሳል። ፍጥነት ከፈለጉ ሞተሩ ቦታውን ይበላል። የዘንድሮው ባትልክሩዘር ነበር።»

«ምንድነው እሱ?»

«የትልቁን መርከብ መድፍ ተሸክሞ የሚሮጥ። ለመሮጥ ሲል ካፖርቱን ያወለቀ ይበሉት።»

«ኢብራር ጎበዝ ነበር?»

«ኧረ ያናድዳል!» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «እኛ መድፍ ስንቆጥር እሱ ታች ከሰል ስለሚሞጅሩት ሰዎች ይጨነቃል። አየር ያጥራቸዋል ብሎ ከመድፉ ክብደት ቀንሶ አየር ማስገቢያ ጨመረ። ‹ኢብሮ፣ ውስጡ እኮ ሰው የለም› ስለው አኮረፈኝ።»

ለሌሉ ሰዎች ሳንባ እንቅልፍ ያጣ ልጅ፣ እሱው አየር አጥቶ ሞተ። እንዲህ ያለውን ሲሰሙ ምን ይባላል? ፀዳለ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«ያሸነፈ ምን ያገኛል?»

«ጨዋታውን የሚሠራው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው። መርከቧን ጨዋታው ውስጥ ያስገባታል፣ ነዳፊውን ለሥራ ይወስደዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ስም። ሥራዎቹን የምሰበስበው እኔ ነኝ። የራሴንም አስገብቻለሁ፤ ከአዋሽ እንደማትበልጥ ግን አውቃለሁ።» አንገቷን ደፋች። «አዋሽ የገባችው በኢብራር ስም አይደለም። ኑሕ ነው ትናንት ጠዋት በራሱ ስም የላካት። ቀናች እንዳልባል ዝም አልኩ።»

በ18 ማዞሪያ ኑሕን የማያውቅ የለም። ጨዋታውን ወደ ሰፈሩ ያመጣው እሱ ነው፤ መርከብ መሳል ላይ ግን «መርከብ በሠራው ነቢይ ስም ተጠርተህ! በስምህ እንኳ እፈር!» እየተባለ ይተረብ ነበር። ከረመዳን ወዲህ «ውጭ አገር ልሄድ ነው» እያለ ሰፈሩን አስመርቋል፣ አንዳንዱም ጃኬቱን እንዲተውለት ጠይቆታል። ፀዳለ ለቅሶው ድንኳን ጥግ ወስዳ አነጋገረችው።

«የዚያን ዕለት ማታ የት ነበርክ?»

«አየር ጤና፣ ጓደኛዬ ጋራዥ። ከቤት የወጣሁት ከቀትር በኋላ ነው፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ዝናቡም ሳይጀምር። እዚያው አደርኩ።»

«መርከቧን በስምህ ልከሃል።»

«የሁለታችን ናት! እሱ ይስላል፣ እኔ አስባለሁ። ስወጣ አሳየኝ፣ በስልኬ አነሳኋት፣ ጠዋት ላክኋት። መሞቱን መቼ አውቄ?»

«ምን ምን አሰብክ?»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳያት። «ይኼን ምሰሶ ያዩታል? ጫፉ ላይ መድፉ የት እንዳረፈ የሚያይ ሰው አለ። ከጭስ ማውጫው ኋላ ካቆሙት መርከቧ ስትሮጥ ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከፊት አደረግነው። የእኔ ሐሳብ ነው።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤» አለች ፀዳለ። «ላስቲኩንስ ማን አሰረው?»

«እማዬ ናታ! አርጅታለች፣ ትረሳለች። አደራ እንዳይፈርዱባት።»

ባሕረኛው ጋሽ ሀብተሥላሴ የሚኖሩት ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባሕር በነበረን ጊዜ በጦር መርከብ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ አሁን ባሕሩም መርከቡም የለም፣ የጡረታ ደብተሩ ብቻ አለ። ፀዳለ ገና ሳትቀመጥ ጀመሩ።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ! የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት ሆነ፤ አፈር ልብላ!»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በምሰሶው። ቀን ሥዕሉን ልኮልኝ ነበር፤ ሳየው ምሰሶውን ከጭስ ማውጫው ኋላ ገትሮታል። ማታ ደወልኩና ‹ሰውየህ ጭስ ሊበላ ነው? እኔ በጭስ ያለቀስኩበትን ባሕር ላንተ ልንገርህ?› አልኩት። መጀመሪያ እሱም ጮኸ። ኋላ ንዴቱ በረደ። ‹ልክ ነዎት ጋሼ፣ አሁኑኑ አጥፍቼ ከፊት አደርገዋለሁ፤ ባትሪዬ ግን ሊሞት ነው› አለኝ። ወዲያው ጥሪው ተቋረጠ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«በሁለታችንም ሰፈር። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው ያወራሁት። ሌሊቱ እስኪገፋም እዚያው ነበርን፤ ጠይቂያቸው።»

ጠየቀቻቸው፤ እንዳሉት ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶኛው ሲሳሳ፣ ፀዳለ አራቱንም ሰዎች ኢብራር ወደ ሞተባት ክፍል አስገባቻቸው። ወይዘሮ ሃጂራን በርጩማ ላይ አስቀመጠች። ሳያትና ጋሽ ሀብተሥላሴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከፀዳለም የሚረዝመው ኑሕ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ አንድ ፖሊስ ነበር።

«እማማ ሃጂራ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል፤» አለች። «መልሱን እነግራቸዋለሁ። ሐኪሙ የገደለው የከሰል ጋዝ ነው ብሏል። ኢብራር ግን ከሰል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ለተሳለ መርከብ እንኳ አየር ማስገቢያ የሠራ ልጅ ነው። ብርድ ስለነበር በሩን ዘጋ፤ የተማመነው በመስኮቱ ነው። መስኮቱን የዘጋው ሰው ከውጭ ነው የቆመው።»

«ዝናብ ነበር እኮ!» አለ ኑሕ።

«ነበር። ስለዚህ ማን ቋጠረው? እኔ ያን ሚስማር የምደርስበት በእግሬ ጣት ቆሜ ነው። እናትህ እስከ ትከሻዬ ናቸው፤ ሳያትም እንደዚያው። በርጩማ እንዳይባል፣ ጭቃው ላይ የበርጩማም የሌላ ዕቃም ምልክት አላየሁም። ጋሽ ሀብተሥላሴ ዓለም ባንክ ደረጃቸው ላይ ነበሩ።»

«እኔም አየር ጤና ነበርኩ!»

«እሱን ልንገርህ። ከቀትር በኋላ፣ አንተ ሄድኩ ባልክበት ሰዓት፣ ምሰሶው ገና ከጭስ ማውጫው ኋላ ነበር። ኢብራር ምሰሶውን ያዞረው ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ ከተቆጡት በኋላ ነው። ስልኩ እዚያው ንግግር ላይ ሞቷል፤ ጠዋት እኔ ስመጣም መብራት አልነበረም። ስለዚህ ፎቶ ሊልክልህ አይችልም። ያንተ ፎቶ ላይ ግን ምሰሶው ከፊት ቆሟል። ያን ወረቀት ያነሳኸው እዚህ ቆመህ ነው፣ ኢብራር ስሎ ከጨረሰ በኋላ።»

ሳያት አፏን በእጇ ከደነች። ፀዳለ ድምፅዋን አላነሳችም።

«የሚጻፈው አንድ ስም ነው። አንተ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ መርቆ ሸኝቶሃል፤ ‹ወንድሜ ነው የሚሄደው› ብለህ እንዴት ትመለስ? እስኪተኛ ጠበቅክ፣ ላስቲኩን አወረድክ። ጠዋት ዓይንህን በጨው አጥበህ ‹አንቺ ነሽ ያሰርሽው› ብለህ እናትህን አሳመንክ።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ አልገደሉትም። ከሰሉን እንዳስተማረዎት አድርገው ነው ያስገቡት። መስኮቱንም ክፍት ነው የተዉት።»

ሁሉም ሃጂራ እፎይ ይላሉ ብሎ ጠበቀ። ፀዳለም ጭምር። እሳቸው ግን ከበርጩማው ተነሡ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት፤» አሉ። «አሁን ትዝ አለኝ። ባልዲ ገልብጬ፣ ላዩ ላይ ቆሜ።»

«እማማ ሃጂራ…»

«ትዝ አለኝ አልኩሽ! አሮጊት ረስታ ልጇን ገደለች ብለሽ ጻፊው። ምን ይጎድልብሻል?»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ ተይ!» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ፤ እንባቸው ወርዷል።

ሃጂራ አልሰሟቸውም። ዓይናቸው ኑሕ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቁት፤ «አይ እማዬ» የሚል። እሱን ቢል ዕድሜ ልካቸውን ይዋሹለት ነበር፤ እስር ቤትም ይገቡለት ነበር።

ኑሕ ላቡን ጠረገ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

«አላልኳችሁም?» አለ። «ነግሬያችሁ ነበር እኮ። እሷ ናት።»

ሃጂራ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ እንደማያውቁት ሰው። ከዚያ ወደ ፀዳለ ዞሩ።

«ውሰጂልኝ፤» አሏት።