ገልብጪው

ገጹን ደግማ ከፈተችው። ባዶ። አሁንም ከፈተችው። ባዶ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ እየተቀባበሉ የጻፉት የቡድን ሥራ በሙሉ እዚህ ድረ ገጽ ላይ ነበር። ማስረከቢያው ነገ ነው። ታላቅ እህቷም አለችበት፤ ክፍሉን የምትደግመው እህቷ፣ ዘንድሮ ካላለፈች ሁለተኛ ዕድል የሌላት።

የኮምፒውተር መምህሩ ፈተና ሊቆጣጠሩ ሲሄዱ ሥራውን ለእሷ ትተውላት ነበር። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ያዢ፣ ከዚያ ገጹ ከተቀመጠበት ማሽን፣ ከአሮጌው ሰርቨር፣ ወደ አዲሱ ገልብጪው አሏት። ቅጂውን «በኋላ» ብላ ዘለለችው። ትእዛዙን ስትጽፍ ደግሞ አዲሱን መነሻ፣ አሮጌውን መድረሻ አደረገች። ትእዛዙም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ሁለቱን ማሽኖች አንድ ዓይነት አደረጋቸው። ሁለቱም ባዶ።

«ገልብጪው አሉሽ፣ ገለበጥሽው» አለ ከኋላዋ የቆመው ጓደኛዋ። ወሬ ስለማያልቅበት ራዲዮ ይሉታል። ሊያስቃት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ድምፁን ቀነሰ። «ስሚኝ፣ በራሱ ሞተ እንበላቸው። ሲያቃስት ያልሰማ አለ? ማንም አይጠይቅሽም።»

እውነቱን ነው። አሮጌው ማሽን እንደ ወፍጮ ነበር የሚጮኸው። መምህሩ ያምኗታል፣ እንዲያውም ያጽናኗታል። ከዚያ ማሽኑ ወደ ዕቃ ቤት ይወሰዳል፤ ሞቷል በተባለ ነገር ውስጥ ማን ምን ይፈልጋል?

ስልኳ ነዘረ። እህቷ ናት። «አንቺዬ፣ ገጹ መቼ ነው የሚከፈተው? አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የቀረን።»

መምህሩ ክፍል ውስጥ ያስተማሩት ትዝ አላት፦ የተሰረዘ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ከማሽኑ አይጠፋም። ማሽኑ ግን አሁንም እየሠራ ነው፤ የራሱን መዝገብ በየደቂቃው በተሰረዘው ላይ ይጽፋል።

«እየበላው ነው» አለች።

«ማን? ምኑን?»

ጎንበስ ብላ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ጩኸቱ ቀስ እያለ ሞተ።

«አበድሽ? ማን ነቀለው ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?»

ኮሪደሩን በፍጥነት አልፋ የፈተናው ክፍል በር ላይ ደረሰች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። አንኳኳች። መምህሩ በመስታወቱ አዩዋትና በእጃቸው፣ ቆዪ፣ አሏት።

እንደገና አንኳኳች።