ለስድስት ሩብ ጉዳይ

ሴትዮዋ ወደ ክሊኒኩ ጠዋት በእግሯ ገብታ ከሰዓት በእግሯ ልትወጣ ነበር የመጣችው። ከማህፀኗ ትንሽ እባጭ ይወጣላታል፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ጋደም ትላለች፣ በቃ ወደ ቤት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባሏ ማገገሚያ ክፍል ገብቶ እጇን ቢነካው ቀዝቅዟል።

መርማሪው ደረጃውን እያቃሰተ ወጣ። ዓይኑ ሁሌ ግማሹ ስለሚከደን ባልደረቦቹ «እንቅልፌ» ይሉታል። ለጡረታው ሦስት ወር ቀርቶታል። ሁለት ፖሊሶች ባልየውን መሃል አስገብተውታል።

«ጁስ ሰጥቷት ነው» አለች ሐኪሟ። «በደንብ ሳትነቃ ምንም እንዳትቀምስ ብለን ነበር። ትን ብሏታል።»

«አልሰጠኋትም፣ ጋሼ» አለ ባልየው። «ልጃችን ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ትወጣለች። እኔ ከታሰርኩ ማን ይቀበላታል?»

እንቅልፌ ወደ አልጋዋ ቀረበ። ኮመዲኖው ላይ ያለውን የጁስ ካርቶን አነሳ፤ ሙሉ ነው። ስትሮው እንኳ ጀርባው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ፍራሹ በደም ርሷል። የተኛ ሰው እንደሚሸፍን ቀስ ብሎ መልሶ ሸፈናት።

«ማን ነበር የሚያያት?»

«እኔ» አለች ነርሷ። «በየሩብ ሰዓቱ የደም ግፊቷን ለክቻለሁ፣ ደም እንዳይፈሳትም አይቻለሁ። ወረቀቱ ይኸው።»

«አንቺ ልጅ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«ኧረ የት ጊዜ አግኝቼ።»

ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰባቸው።

«ጁሱ አልተከፈተም፣ ልቀቁት ሰውዬውን። የገደላት ደም ነው፤ ብርድ ልብሱን የገለጠ ሁሉ ያየው ነበር። ወረቀቱ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ ተገልጧል ይላል። አምስት ሰዓት፣ ደም የለም። አምስት ተኩል፣ ደም የለም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ፣ ግፊቷ ጥሩ፣ ደም የለም።» ቀና አለ። «አምስት ተኩል ላይ ሬሳዋ የተገኘ ሴት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግፊቷ ጥሩ ነበር?»

ነርሷ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች።

«አስቀድሜ ነው የምሞላው» አለች። «ዶክተር ለቀጣይዋ ኦፕራሲዮን መሣሪያ አቀብዪኝ ትለኛለች። ስወጣ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ መዓት ነው። አራት ዓመት እንዲህ ሞላሁ፣ አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም።»

«እኔ ሙይ አላልኩሽም» አለች ሐኪሟ።

«አላሉም» አለ እንቅልፌ። «ክፍሉን ያለ ሰው አስቀርተው ግን ጠርተዋታል። ዛሬ ስንት ሴት ሠሩ?»

«ስድስት።»

«በስንት ነርስ?»

ሐኪሟ በአገጯ ወደ ነርሷ አመለከተች።

ፖሊሱ ወደ ነርሷ ሲራመድ፣ «ቆይ» አለው እንቅልፌ። ዓይኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ተከፍቷል። እጁ ላይ ሌላ ወረቀት አለ። «የአልጋ ቁጥር አምስቷ ሴት ወረቀት እስከ ሰባት ሰዓት ተሞልቷል። አሁን ገና ስድስት ተኩል ነው። ሂጂ፣ ብርድ ልብሷን ግለጪ።»

ነርሷ ሮጠች። ሐኪሟም ተከተለቻት።  ቆይቶ ከውስጥ እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ፣ «ምነው፣ መውጫዬ ደረሰ እንዴ?» ሲል ተሰማ።

እንቅልፌ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ባልየው የልጁን መውጫ አስቦ ሰዓቱን አየ።